ውሻ፣ እሳትና ካራቫን፦ በአውስትራሊያ ክረምት የት ይሰፈራል?

«ክረምት» የሚለው ቃል ከአገር ለወጣ አማርኛ ተናጋሪ ሁለት ፊት አለው። አገር ቤት ክረምት ማለት ዝናብ፣ ጭቃና የትምህርት ቤት ዕረፍት ነው፤ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው ወገናችን ግን ክረምት የሚለው በረዶ የሚወርድበትን የታኅሣሥና የጥርን ወቅት ነው። ሁለቱ ትርጉሞች የሚገናኙት ከምድር ወገብ በስተደቡብ ነው። በሜልበርንና በአካባቢዋ ቅዝቃዜው የሚበረታው በፈረንጆቹ ከጁን እስከ ኦገስት ስለሆነ፣ ጊዜው ከአገር ቤቱ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ጋር ይገጥማል፤ አገር ቤት የቡሄ ችቦ በሚበራበት ሰሞን እዚህም ሰዎች በየወንዙ ዳርና በየደኑ እሳት አንድደው ከበው ይቀመጣሉ።

ይህ ማብራሪያ የተጻፈው በዚህ ወቅት ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ማደሪያ ቤት) ጎትተው፣ ውሻቸውን አስከትለው፣ ማታ ማታ የእንጨት እሳት እየሞቁ ጥቂት ቀናት ለማሳለፍ ለሚያስቡ ቤተሰቦች ነው። አገር ቤት ውሻ የግቢ ዘብ ነበር፤ እዚህ ልጆች ስም አውጥተውለት ሳሎን ገብቷል፣ ለዕረፍት ሲወጣም ጥሎት ለመሄድ የሚደፍር ወላጅ የለም። ውሻን፣ እሳትንና ካራቫንን አንድ ላይ የሚቀበል ቦታ ማግኘት ግን ከሚታሰበው በላይ የተወሳሰበ ነው፤ ምክንያቱም ሦስቱ ፈቃዶች የሚመነጩት ከተለያዩ ሕጎች ነው፣ የሚጸኑትም በተለያየ የዓመቱ ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ምርጫውን የሚጀምረው ከፎቶግራፍ ነው። እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ እንዲሁ አድርጌ፣ ከአራት ሰዓት መንገድ በኋላ በፓርኩ መግቢያ ላይ የተቀበለኝ በቀይ መስመር የተሰረዘ የውሻ ሥዕል ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ቦታው ውበት ከመጠየቄ በፊት መሬቱን የሚያስተዳድረው ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ።

የመሬቱ ምድብ

ሜልበርን በምትገኝበት በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት የሕዝብ መሬት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ብሔራዊ ፓርክ፣ ክልላዊ ፓርክ፣ የወንዝ ዳር ጥብቅ ቦታና የመንግሥት ደን የሚባሉት ምድቦች በካርታ ላይ በቀለም ብቻ የሚለያዩ ይመስላሉ፤ ለውሻ ባለቤት ግን ልዩነታቸው የመግባትና ከበር የመመለስ ነው። በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ውሻ ማስገባት ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር የተከለከለ ነው። ክልከላው ውሻው ጨዋ መሆኑን ወይም በገመድ መታሰሩን አይጠይቅም፤ መሬት ላይ የሚኖሩት ትናንሽ የዱር እንስሳት የውሻን ሽታ የአዳኝ ምልክት አድርገው ስለሚቆጥሩት፣ ውሻው ማንንም ሳያሳድድ በማለፉ ብቻ ከሚመገቡበት ቦታ ሊያሸሻቸው ይችላል። ዓይነ ስውራንን የሚመሩና የመሳሰሉት አገልጋይ ውሾች ግን በዚህ ክልከላ አይያዙም።

በመንግሥት ደን ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ውሻ በባለቤቱ ቁጥጥር ሥር እስከሆነ ድረስ ይገባል፣ በደንቡ መሠረት የተዘጋጀ የእንጨት እሳትም ይፈቀዳል፣ በአብዛኛው ቦታም ለማደሪያ ክፍያም ሆነ ቀድሞ ማስያዝ አይጠየቅም። የነጻነቱ ዋጋ በሌላ በኩል ይከፈላል፤ በብዙዎቹ ማደሪያዎች የሚጠጣ ውኃ የለም፣ መጸዳጃ ቤት ያለው ጥቂቱ ነው፣ መንገዱም ለካራቫን ታስቦ የተሠራ አይደለም። ክልላዊ ፓርኮች በሁለቱ መካከል ይቆማሉ፤ አንዳንዱ ውሻን በገመድ ይቀበላል፣ ሌላው በተወሰነ ክፍሉ ብቻ ይፈቅዳል፣ ስለዚህ የእያንዳንዱን ደንብ ለየብቻ ማንበብ ያስፈልጋል።

የዚህን ልዩነት ክብደት ለማሳየት ከጋንባወር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ጋንባወር በሙሬይ ወንዝና በጋንባወር ጅረት መካከል፣ በኮሁናና በኩንድሩክ ከተሞች አጠገብ የተዘረጋ ደናማ ደሴት ሲሆን፣ ከሜልበርን ወደ ሰሜን ከሦስት ሰዓት በላይ ያስነዳል። በፈረንጆቹ 2010 የደሴቱ ከፊል ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ የቀረው በመንግሥት ደንነቱ ቀጠለ። ዛፉ አንድ ነው፣ ወንዙ አንድ ነው፣ በስልክ ካርታ ላይም ሁለቱ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ናቸው፤ ነገር ግን በአንደኛው በኩል ከእሳቱ ዳር ተኝቶ የሚያድረው ውሻ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ሲል ባለቤቱን ለቅጣት ይዳርጋል። የማያውቅ ሰው ድንበሩን የሚያውቀው ከተሻገረው በኋላ ነው። ስለዚህ የምድቡን ስም ከመንገድ ዳር ምልክት ከመጠበቅ ይልቅ፣ ከቤት ሳይወጡ የፓርኮቹንና የደኖቹን አስተዳዳሪዎች ካርታ ጎን ለጎን አድርጎ መመልከት ይሻላል።

ወንዙ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራል። ሙሬይ 2,508 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ወንዝ ነው፤ በረጅሙ የጉዞው ክፍልም በቪክቶሪያና በኒው ሳውዝ ዌልስ መካከል ድንበር ሆኖ ያገለግላል። ድንበሩ የሚያልፈው በውኃው መካከል ሳይሆን በደቡባዊው ዳር አናት ላይ በመሆኑ ውኃው ራሱ የኒው ሳውዝ ዌልስ ነው፤ በቪክቶሪያ ዳር ያደረ ውሻ ሊዋኝ ሲገባ ክፍለ ግዛት ተሻገረ ማለት ነው። ቀልዱን ትተን ቁም ነገሩ፣ ከማዶ ያለው መሬት በሌላ ክፍለ ግዛት ሕግ የሚተዳደር መሆኑ ነው፤ በዚያም በኩል የሙሬይ ቫሊ ብሔራዊ ፓርክና የሙሬይ ቫሊ ክልላዊ ፓርክ የሚባሉ ሁለት ተጎራባች ቦታዎች አሉ፣ የመጀመሪያው ውሻ አይቀበልም፣ ሁለተኛው በተወሰኑ ቦታዎች በገመድ ይቀበላል።

የሕዝብ መሬት ያስፈራው ሰው በክፍያ የሚያሳድሩትን የካራቫን ፓርኮች ይመርጣል፤ ይህም ነውር የለበትም፣ በተለይ ትናንሽ ልጆች ካሉና የሙቅ ውኃ መታጠቢያ ከተፈለገ። ብዙዎቹ ፓርኮች በገናና በፋሲካ ሰሞን ውሻ አንቀበልም ይላሉ፤ በክረምት ግን ቦታቸው ስለሚለቀቅ በራቸውን ይከፍታሉ። በስልክ ሲደውሉ «ውሻ ትቀበላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ፈቃዱ ለካራቫን ማቆሚያው ይሁን ለክፍሎቹም፣ ውሻው ብቻውን በካራቫን ውስጥ እንዲቆይ ይፈቀድ እንደሆነ፣ እሳት ደግሞ መሬት ላይ ይነደድ ወይስ እግር ባለው የብረት ምድጃ ውስጥ ብቻ እንደሆነ ተነጣጥሎ መጠየቅ አለበት። የመጨረሻው ጥያቄ ሲረሳ ብዙ ጊዜ የሚገኘው መልስ፣ እሳት የሚባለው በጋዝ የሚሠራ የጋራ መጥበሻ መሆኑ ነው።

እሳቱ ለምን የክረምት ሆነ

በቪክቶሪያ የእሳት ሕግ ጥብቅ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በፈረንጆቹ የካቲት 7 ቀን 2009 የተነሣው ሰደድ እሳት 173 ሰዎችን ገድሏል፤ ያ ቀን እስከ ዛሬ «ጥቁር ቅዳሜ» ይባላል። በሞቃቱ ወራት ሙቀትና ነፋስ ሲበረታ አጠቃላይ የእሳት ክልከላ ይታወጃል፤ በዚያ ቀን በሜዳ ላይ የእንጨትም ሆነ የከሰል እሳት ማንደድ ወንጀል ነው። በኒው ሳውዝ ዌልስ የሰደድ እሳት አደጋ ወቅት በሕግ የተወሰነው ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 31 ሲሆን፣ በቪክቶሪያ ግን የየወረዳው ወቅት የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን እንደ ዓመቱ ድርቀት ተለይቶ ይታወጃል። በወንዙ ዳር ባሉ ብዙ ፓርኮች ደግሞ የእንጨት እሳት በሞቃቱ ወራት ጨርሶ ይከለከላል። በበጋ ውሻም፣ እሳትም፣ የወንዝ ዳር ማደሪያም እፈልጋለሁ የሚል ሰው የሚፈልገው ነገር የማይገኝለት በዚህ ምክንያት ነው፤ ክረምት ሲገባ ክልከላዎቹ ይነሣሉ፣ ሰዉም ይቀንሳል።

እሳቱ የሚያስፈልገውም በዚያው ጊዜ ነው። በጁን መጨረሻ በሜልበርን ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ነው፣ የምትወጣውም ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ከ14 ሰዓት በላይ የሚረዝመውን ሌሊት በጠባብ ካራቫን ውስጥ ከሁለት ልጆችና ከአንድ እርጥብ ውሻ ጋር መግፋት ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል።

በቪክቶሪያ የመንግሥት ደንና ፓርክ ውስጥ እሳት የሚነደደው በተዘጋጀ ምድጃ ውስጥ፣ ምድጃ ከሌለም ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ነው። በዙሪያውና ከበላዩ 3 ሜትር ያህል ቦታ ከሚቀጣጠል ነገር መጽዳት አለበት፤ እሳቱ በየትኛውም አቅጣጫ ከ1 ሜትር መብለጥ የለበትም፣ የሚማገደውም ጉማጅ እንዲሁ ከ1 ሜትር አይረዝምም። እሳቱ ሲነድ ሁልጊዜ የሚጠብቀው ሰው መኖር አለበት። ከበላዩ ያለው 3 ሜትር በተለይ ለካራቫን ባለቤቶች ሊሰመርበት ይገባል፤ የካራቫኑ መጠለያ ሸራ ብዙ ጊዜ ወደ እሳቱ ተዘርግቶ ይታያል፣ አንድ ፍንጣሪም ይበቃዋል።

የማገዶው ጉዳይ ትንሽ መዘግየት ይገባዋል። በሙሬይ ዳር የሚበዛው ዛፍ አገር ቤት ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለው ነው፤ የእንጦጦው ነጭ ባሕር ዛፍ ደግሞ የትውልድ ቦታው ታዝማኒያና የቪክቶሪያ ደቡባዊ ጠረፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የገባው ዛፍ እዚህ በአያት ቅድመ አያቱ መሬት ላይ ቆሞ ሲታይ፣ የጭሱ ሽታም ወዲያው የልጅነትን ወጥ ቤት ሲያስታውስ፣ ለጉዞው ያልታሰበ ዋጋ ይጨምርለታል። ቀይ ባሕር ዛፍ ከባድና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ፍሙም ሌሊቱን ሊያድር ይችላል፤ ነገር ግን በቀላሉ አይያያዝም። በክረምት መሬት ላይ የተኛ እንጨት እርጥበት ስለሚጠጣ፣ ደረቅ ጭራሮ ከቤት ወይም በመንገድ ካለ ነዳጅ ማደያ ይዞ መሄድ ይበጃል። በመንግሥት ደን ውስጥ ለሚያድሩበት እሳት የወደቀ እንጨት መልቀም ይቻላል፤ ቆሞ የደረቀን ዛፍ መቁረጥ ግን አይቻልም፣ ሆዱ ክፍት የሆነ ግንድም ለአራዊትና ለአእዋፍ ቤት ስለሆነ መተው አለበት። በብዙ ፓርኮች መልቀምም የተከለከለ ስለሆነ በአቅራቢያው ካለች ከተማ መግዛት ግድ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ቀይ ባሕር ዛፍ ነፋስ ሳይኖር እንኳ ትልልቅ ቅርንጫፎቹን በድንገት ይጥላል። ጥላው የቱንም ያህል ቢጋብዝ ካራቫኑንም፣ እሳቱንም፣ ውሻው የሚታሰርበትንም ቦታ ከቅርንጫፎቹ ስር ማራቅ ያስፈልጋል።

የትኛው አካባቢ?

ፈቃዶቹን ካወቁ በኋላ ምርጫው ወደ አየሩና ወደ መንገዱ ይመጣል። ከሜልበርን ተነሥቶ የሚታሰቡት አቅጣጫዎች ብዙ ቢሆኑም፣ የሚያመዝኑት በደቡብ ምዕራብ የኦትዌይ ደን፣ በሰሜን ምሥራቅ የበረዶው ተራራ፣ በሰሜን ደግሞ ወንዙ ናቸው።

ኦትዌይ በፎቶግራፍ የሚያሸንፈው የለም። በፈረንጆቹ 2005 አካባቢው በሁለት ተከፍሎ ግሬት ኦትዌይ ብሔራዊ ፓርክና ኦትዌይ የደን ፓርክ ተብሏል፤ ውሻ የሚገባው በሁለተኛው ነው፣ እዚያም ስቲቨንሰንስ ፏፏቴ አጠገብ ያለው ማደሪያ ውሻንም እሳትንም ከሚቀበሉት አንዱ ነው። ችግሩ ክረምቱ ነው። በኦትዌይ ኮረብታ ላይ ያለችው ዊያፕሮይና የተባለች መንደር በቪክቶሪያ ከፍተኛ ዝናብ ከሚጥልባቸው ቦታዎች ዋነኛዋ ናት፤ ዓመታዊ ዝናቧ ከአዲስ አበባው በእጅጉ ይበልጣል፣ የሚበዛውም በክረምት ነው። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ እንጨቱ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ድንኳን ወይም ትንሽ ተጎታች ላለው ሰው የሚያምር ጉዞ ሊሆን ይችላል፤ ረጅም ካራቫን ለሚጎትት ቤተሰብ ግን በጁላይ አልመክረውም።

በረዶ ማየት ለሚፈልጉ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠብባል። የበረዶ መንሸራተቻ ሰፈሮች በወቅቱ ውሻ አይቀበሉም፣ በዙሪያቸው ያለውም አብዛኛው መሬት የአልፓይን ብሔራዊ ፓርክ ነው። ልዩ የሆነችው በግሬት አልፓይን መንገድ ላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኘው ዲነር ፕሌን የተባለች መንደር ናት፤ ውሻን በደስታ በመቀበል ትታወቃለች፣ በውሾች የሚጎተቱ የበረዶ ጋሪዎች ውድድርም ይካሄድባታል። ሆኖም በበረዶው ወቅት ወደዚያ የሚወጣ መኪና የጎማ ሰንሰለት መያዝ አለበት፣ ተራ ናፍጣም በብርዱ ሊረጋ ስለሚችል ለተራራ የተዘጋጀውን ናፍጣ ከታች መቅዳት ያስፈልጋል፣ በተራራማው ደን ውስጥ ያሉ ብዙ የጠጠር መንገዶችም ከጁን የንጉሥ ልደት በዓል በኋላ እስከ ጸደይ በበር ይዘጋሉ። ካራቫን ይዞ ወደዚያ መውጣት ጀብዱ እንጂ ዕረፍት አይሆንም። ካራቫኑን ከታች በሸለቆው ውስጥ፣ ለምሳሌ በብራይት አካባቢ አቁሞ፣ በረዶውን ለአንድ ቀን በመኪና ብቻ ወጥቶ ማየት የተሻለ ነው።

ወንዙ ይቀራል፣ የእኔም ምርጫ እርሱ ነው። ከተራሮቹ በስተሰሜን ያለው ሜዳ በክረምት ከሜልበርን ያነሰ ዝናብና የበለጠ ፀሐይ ያገኛል። ከሜልበርን 540 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሚልዱራ ዓመታዊ ዝናቧ ከ300 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ በጁላይም የቀኑ ሙቀት በአማካይ ወደ 15 ዲግሪ ይደርሳል። ሌሊቱ ግን ሌላ ነው፤ ጥርት ያለ ሰማይ ሙቀትን ስለማያቆይ ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ሚልዱራ ድረስ መሄድ ለማይፈልግ ሰው ጋንባወር፣ ኤቹካና ኮብራም በቅርብ አሉ፤ በኮብራም አካባቢ ያሉት የወንዝ ዳር አሸዋማ ሜዳዎች በተለይ ለቤተሰብ ይመቻሉ።

የወንዙ ትልቁ ጠላት ዝናብ ነው፣ ለዚያውም በጥቂቱ። ደኑ ውስጥ ያለው መንገድ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል፣ ሲርስ ግን እንደ አገር ቤቱ መረሬ አፈር ጎማ ይይዛል፤ ሁለት ቶን የሚመዝን ካራቫን ከዚያ ውስጥ ለማውጣት ትራክተር መለመን ይመጣል። አንዳንድ ጊዜም ለዛፎቹ ሲባል ውኃ ሆን ተብሎ ወደ ደኑ ስለሚለቀቅ መንገዶች ይዘጋሉ። ስለዚህ ቦታውን ከወር በፊት መምረጥ ይቻላል፤ መንገዱን ግን ሊነሡ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀር እንደገና ማየት የግድ ነው፣ ዝናብ ከተተነበየም ከአስፋልት ብዙ የማይርቅ ሁለተኛ ማደሪያ በእጅ መኖር አለበት።

ስለ መጎተቱ ብዙ አልልም፤ ከማገዶው ጋር የተያያዘውን ብቻ ልጥቀስ። ካራቫኑ በመጎተቻው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከጠቅላላ ክብደቱ 10 በመቶ ገደማ እንዲሆን ይመከራል። አንድ ጆንያ ቀይ ባሕር ዛፍ ከካራቫኑ ኋላ ሲጫን የፊቱን ያቀልለዋል፣ በፍጥነት ላይም ካራቫኑን እንደ ጅራት ያወዛውዘዋል። ከባድ ነገር ሁሉ ከጎማዎቹ በላይ፣ በወለሉ ላይ መቀመጥ አለበት። ውሻው በካራቫኑ ውስጥ ሳይሆን በመኪናው ውስጥ ታስሮ ይጓዛል። ካንጋሮዎች ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ መንገድ ስለሚያቋርጡም ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ቦታው ላይ መድረስ ይመረጣል።

ለውሻው የማይታየው አደጋ

ውሻ በሚፈቀድበት መሬት ላይ የሚጠብቀው ትልቁ አደጋ በቁጥር የሚጠራ መርዝ ነው። «ቴን ኤይቲ» ይሉታል፣ 1080 ማለት ነው። ቀበሮዎችንና የዱር ውሾችን ለመቀነስ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ በደኖችና በእርሻዎች ዳር ይቀመጣል። ይህ ንጥረ ነገር በምዕራብ አውስትራሊያ በአንዳንድ ዕፀዋት ውስጥ በተፈጥሮ ስለሚገኝ የዚያ አካባቢ አገር በቀል እንስሳት ይቋቋሙታል፤ ውሻ ግን እጅግ በትንሹ ይሞታል፣ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። መርዙን የበላ የቀበሮ ሬሳ መቅመስም ያው ነው። መርዝ በተቀመጠበት አካባቢ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ይተከላል፤ ሰሌዳውን ያየ ሰው ሌላ ቦታ ቢፈልግ ይሻላል፣ መቆየት ካለበት ግን ውሻውን ከአጭር ገመድ አለመፍታት፣ ሲንሸራሸርም እንደ ቅርጫት ያለውን የአፍ መሸፈኛ ማድረግ አለበት። በመንግሥት ደን ውሻ ይፈቀዳል ሲባል ሕጉ ፈቀደ ማለት እንጂ ቦታው ለውሻ ታስቦ ተዘጋጀ ማለት እንዳልሆነ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በምሥራቅ ቪክቶሪያ ደኖች ደግሞ ሳምባር የሚባለውን አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች በክረምት ስለሚኖሩ፣ ቡናማ ውሻ ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ ቢለብስ ትርፍ ነገር አይሆንም።

ከራሳችን ማድ ቤት የሚመጣውም አደጋ ቀላል አይደለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ ልዩነት የለውም። የዶሮ ወጥ መረቅ ያረፈበትን እንጀራ በፍቅር ለውሻ መወርወር በእሳቱ ዳር ከሚፈጸሙ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ሳይሆን አይቀርም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። በአንጻሩ ክረምት የሚያቀልለው ነገር አለ፤ እባቦች በብርዱ ይሸሸጋሉ፣ መዥገርም በደቡቡ ይቀንሳል። ፀጉሩ አጭር የሆነ፣ ያረጀ ወይም ትንሽ ውሻ ግን ከእኛ ቀድሞ ይበርደዋል፤ ከመሬት ከፍ ያለ መኝታና ልብስ ያስፈልገዋል፣ ወንዝ ገብቶ ከወጣም ከመምሸቱ በፊት መድረቅ አለበት። ከቤት ርቆ ቢጠፋ የሚመልሰው በቆዳው ስር ያለው ማይክሮቺፕ ስለሆነ፣ በመዝገቡ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር የአሁኑ መሆኑን ሳያረጋግጡ መነሣት አይገባም።

ሌሊቱና የመነሻው ጠዋት

እሳቱ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚመጣው ፈተና ፍሙን ይዞ መግባት ነው። አገር ቤት የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ስንት ቤተሰብ እንደጨረሰ ሁላችንም ሰምተናል፤ ካራቫን ደግሞ ከማንኛውም ክፍል የጠበበ ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ፍም ጭሱ ካለቀ በኋላም ይወጣል። የቡና ሥርዓቱ ማራኪ ነው፤ ከሰሉ ግን ከካራቫኑም፣ በሸራ ከተዘጋው መጠለያም ውጭ ይሁን። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መግጠም ውድ አይደለም። ሌሊቱን ለመሞቅ በደንብ የተገጠመ የናፍጣ ማሞቂያ ወይም፣ ኤሌክትሪክ ባለበት ማደሪያ፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይበቃል።

ብርዱ መሣሪያዎቹንም ይፈትናል። ቡቴን የተሞሉ ትናንሽ የጋዝ ጣሳዎች ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ጋዝ መስጠት ያቆማሉ፤ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይሠራል፣ ስለዚህ ለጠዋቱ ቡና የሚታመነው ትልቁ ሲሊንደር ነው። የሊቲየም ባትሪም ከዜሮ በታች ሲሞላ ይጎዳልና፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳውን አመዳዩ ሳይረግፍ ከማገናኘት መታገስ ይገባል።

በመነሻው ጠዋት እሳቱን በአፈር መቅበር የብዙዎች ልማድ ነው፤ አደገኛም ነው። አፈሩ ፍሙን እንደ ብርድ ልብስ ያቆየዋል፤ ከሰዓታት በኋላ ሌላ ቤተሰብ ሲደርስ ልጅም ውሻም የሚረግጠው የቀዘቀዘ የሚመስለውን ያንን አፈር ነው። የሚያጠፋው ውኃ ነው፤ የቪክቶሪያ ደንብም እሳት አጠገብ ቢያንስ 10 ሊትር ውኃ እንዲኖር ይላል። ውኃውን እያፈሰሱ አመዱን በእንጨት ማማሰል፣ እንደገና ማፍሰስ፣ ከዚያም የእጅን ጀርባ አስጠግቶ ሙቀት አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው፤ ለእጅ የሚሞቅ ከሆነ ትቶ ለመሄድ ገና ነው። ወንዝ በሌለበት ማደሪያ ይህ ውኃ የሚመጣው ከካራቫኑ ጋን ስለሆነ፣ የመጨረሻው ማታ ዕቃ ሲታጠብ ያ 10 ሊትር ለብቻው በጀሪካን ተቀድቶ ከእሳቱ አጠገብ መቀመጥ አለበት።